ሀሞኩን እንስፋ፣ ጃኬቱን እንግዛ

‹‹ዕቃ የለንም!››

በአዲስ አበባ ወጣት ዘንድ ከ‹‹ብር የለኝም›› ቀጥሎ በብዛት የሚነገር ሰበብ ሳይሆን አይቀርም። የቅዳሜና እሑድ ጉዞ ይታሰባል። የቴሌግራም ግሩፕ ይከፈታል። ስም ይወጣለታል። ከዚያ አንዱ ከኢንተርኔት የለቀመውን የዕቃ ዝርዝር ይልካል፤ ሀሞክ፣ የሀሞክ ማሰሪያ፣ የሀሞክ ጣሪያ፣ የሀሞክ ብርድ ልብስ (እሱም የላይና የታች አለው!)፣ ውሃ የማያስገባ ከረጢት፣ ግንባር ላይ የሚታሰር ባትሪ … ዋጋው ሲደመር ግሩፑ ጸጥ ይላል። ግማሹ ‹‹ለሚቀጥለው ወር ይሁን›› ይላል። ግማሹ ደግሞ ተበድሮም ቢሆን ይገዛል።

እኛ ሁለቱንም ሆነን አይተናል። አንድ ዓመት ‹‹ዕቃ የለንም›› ብለን ቤት ተቀመጥን። በሚቀጥለው ዓመት ከውጭ በሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ሀሞክ አስመጥተን ሐይቅ ወረድን። እናም ዛሬ የምንጽፈው በሁለቱም ተሳስተን እንደነበር ለመናገር ነው። መግዛት የሌለብንን ገዛን፤ መግዛት የነበረብንን ሳንገዛ ውሃ ላይ ወጣን።

ነገሩን ከየብስ እንጀምር።

ሀሞክ ማለት በሁለት ዛፍ መሀል የሚወጠር የጨርቅ አልጋ ነው። የፈጠሩት የካሪቢያን ደሴቶች ነባር ሕዝቦች ናቸው፤ ስሙም ከእነሱ ቋንቋ የመጣ ነው። ፋብሪካ አልነበራቸውም። ካታሎግ አልነበራቸውም። ርዝመቱ 3 ሜትር ከ30፣ ስፋቱ 1 ሜትር ተኩል የሆነ ጠንካራ ጨርቅ ካላችሁ፣ ጠርዙን የሚዘመዝም የሰፈር ልብስ ሰፊ ካላችሁ፣ ሀሞክ አላችሁ። ድርብ የሆነ ወፍራም አቡጀዲ ይሆናል፤ ፈጥኖ እንዲደርቅና እንዲቀል ከፈለጋችሁ ጥቅጥቅ ያለ ናይለን ይሻላል። ሁለቱ ጫፎች ተጨምድደው በገመድ ጥርቅም ተደርገው ይታሰራሉ። ልብ በሉ፤ የሰውን ክብደት የሚሸከመው ስፌቱ ሳይሆን ያ የተጨመደደ ጨርቅና ቋጠሮው ነው። ስለዚህ የልብስ ሰፊው ክር አያስጨንቃችሁም።

ማሰሪያውስ? መርካቶ ጭነት መኪና ላይ ዕቃ የሚታሰርበትን ጠፍጣፋ ቀበቶ በሜትር ገዝታችሁ ኑ። ጠፍጣፋ መሆኑ ዛፉን ከመላጥ ያድነዋል። ቀጭን ገመድ ግንዱ ላይ ይነክሳል፤ ለሁለት ሌሊት እንቅልፍ ብለን የ30 ዓመት ጽድ ማቁሰል ነውር ነው።

የእኛ የመጀመሪያው ሀሞክ ታሪክ ደግሞ እንዲህ ነው። እንጦጦ ወጣን። ማሰሪያችን የቃጫ ገመድ ነበር። ‹‹በደንብ ከተወጠረ በደንብ ይመቻል›› ብለን እንደ ክራር ጅማት ወጠርነው። ከመሀላችን በኪሎ ሻል ያለው ጓደኛችን በክብር ወጣበት። አምስት ሰከንድ እንኳ አልቆየም። ቁጭ ያለበት ቦታ ለአንድ ሳምንት ታመመ፤ እኛ ለአንድ ወር ሳቅን።

ምን እንዳጠፋን በኋላ ተማርን። ሀሞክ መወጠር ሳይሆን መርገብ ነው የሚፈልገው። ማሰሪያው ከአግድሙ መስመር ወደ 30 ዲግሪ ያህል ሲያዘነብል የ70 ኪሎ ሰው በእያንዳንዱ ወገን የሚያሳርፈው ኃይል 70 ኪሎ አካባቢ ነው። 10 ዲግሪ ላይ ሲሆን ወደ 200 ኪሎ ይወጣል። 5 ዲግሪ ላይ ወደ 400! ያው ሰው፣ ያው ገመድ፣ ያው ዛፍ። ‹‹ጠበቅ ይበል›› ባልን ቁጥር ገመዱን ስናሰቃየው ነበር። ሲረግብ ደግሞ ሰያፍ መተኛት ይቻላል፤ ጀርባ የሚቀናው ያን ጊዜ ነው። ከፍታውም ከወንበር አይብለጥ። ከወንበር ከፍታ መውደቅ ያስቃል፤ ከሰው ቁመት መውደቅ አያስቅም። ከላይ ደረቅ ቅርንጫፍ ያለበትን ዛፍ፣ በተለይ ያረጀ ባሕር ዛፍን፣ እለፉት።

ቀጥሎ ብርድ። ወንጪ ላይ ሀሞክ ሰቅሎ ያደረ ሰው ያውቀዋል። ላይህ ላይ ሁለት ብርድ ልብስ ደርበህ ጀርባህ በረዶ ይሆናል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ሙቀት የሚይዘው በጨርቁ ውስጥ ያለው አየር ነው፣ ከሥርህ ያለው ብርድ ልብስ ግን በክብደትህ ተጨፍልቆ አየሩን አጥቷል። ለዚህ ነው ፈረንጆቹ ከሀሞኩ በታች የሚንጠለጠል ብርድ ልብስ በውድ የሚሸጡት። እኛ ግን ምን አለን? ጋቢ! ጋቢውን ከሀሞኩ ሥር፣ ሳይጨፈለቅ ጨርቁን ነካ አድርጎ እንዲንጠለጠል አራት ማዕዘኑን እሰሩት። ዝናብ እንዳያገኘው ብቻ ተጠንቀቁ፤ የራሰ ጥጥ ከብርዱ የባሰ ጠላት ነው። የዮጋ ምንጣፍም ይሠራል። የፍራሽ ስፖንጅ ግን ውሃ ስለሚጠጣ ቤት ይቅር።

ዝናብ ከመጣ አንድ ሸራ ከላይ ይወጠራል። ማሰሪያው ላይ፣ ሀሞኩ ጋ ሳይደርስ፣ ቁራጭ ክር አንጠልጥሉ፤ ከዛፉ በማሰሪያው እየተንሸራተተ የሚመጣው ውሃ በዚያች ክር ይንጠባጠባል፣ እናንተ ትደርቃላችሁ። ስምጥ ሸለቆ ከወረዳችሁ አጎበር ግድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 በሀገራችን ከ7 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕመም ተመዝግቧል፤ ‹‹አንድ ሌሊት ምን ያመጣል?›› የሚባልበት ዘመን ላይ አይደለንም። ለገጠር ቤተሰብ በነፃ የታደለውን አጎበር ግን በርካሽ አገኘን ብላችሁ እንዳትገዙ፤ የሆነ ሕፃን ከሥሩ መተኛት ነበረበት።

እንግዲህ ይህ ሁሉ በእጅ የሚሠራ ነው። ታዲያ ለምን አንሠራውም?

መልሱ ብር ብቻ አይመስለንም። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የዶላሩን ዋጋ ያየ ሰው ከውጭ ከማስመጣት ይልቅ መርፌ ማንሳት በቀለለው ነበር። ችግሩ ሌላ ነው። በእጅ የተሠራ ነገር ‹‹ፋራ›› ነው። ፎቶ ላይ የሚታየው ምልክት የለበትም። ይህ ንቀት ደግሞ ከኢንስታግራም በፊት የነበረ የቆየ በሽታችን ነው። ብረት የሚሠራውን ‹‹ቀጥቃጭ››፣ ቆዳ የሚያለፋውን ‹‹ፋቂ›› እያልን ስንሰድብ የኖርን ሕዝብ ነን። ዐፄ ምኒልክ ባለ እጆችን መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከማውጣት ደርሰው ነበር። ጣና ላይ ከደንገል ታንኳ በመሥራት የታወቁት ወይጦዎች ለዘመናት ምን ያህል ሲገፉ እንደኖሩ የባሕር ዳር ልጆች ጠይቁ።

ያቺ የናቅናት ታንኳ ግን ተአምር ናት። ባዶ ሆድ ስለሌላት ውሃ ቢገባባትም እንደ ጣውላ ጀልባ ተሞልታ አትሰምጥም። ተሳፋሪው የሚቀመጠው በውሃ በሚንሳፈፍ የሸምበቆ እስር ላይ ነው። ቀዛፊው በአንድ ረጅም ቀርከሃ ግራና ቀኝ እያለ ይነዳታል። ድክመቷ ቀስ በቀስ ውሃ መጠጣቷ ነው፤ ስለዚህ ባለቤቷ አውጥቶ ፀሐይ ላይ ያደርቃታል፣ ከጥቂት ወራት በኋላም ሌላ ይሠራል። የዕቃውን ጥንካሬም ድካምም ያውቃል። ዕቃ ማወቅ ማለት ይህ ነው።

የጣና ደንገል አትላንቲክንም አይቷል። እ.ኤ.አ. በ1969 ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል የጥንት ሰዎች በደንገል ጀልባ ውቅያኖስ መሻገር ይችሉ እንደነበር ለማሳየት ተነሳ። ደንገሉን ከጣና አስጫነ። ከቻድ ሐይቅ የመጡ ባለሙያዎች ግብፅ ውስጥ፣ ከፒራሚዶቹ አጠገብ ‹‹ራ›› የተባለችውን ጀልባ ሠሩለት። ከሞሮኮ ተነስታ ሳምንታት ከተጓዘች በኋላ የኋላ ክፍሏ ውሃ እየጠጣ ወረደ፤ ካሪቢያን ሳትደርስ ትተዋት ወጡ። በኋላ ሲመረመር፣ በጥንታዊ የግብፅ ሥዕሎች ላይ ከጀልባዋ ጭራ ወደ ወለሏ የተወጠረች አንዲት ገመድ ትታያለች። ጭራውን ወደ ላይ የምትይዘው እሷ ነበረች። በ‹‹ራ›› ግንባታ ግን ቦታዋን ሳታገኝ ቀረች፤ ጥቅሟ የገባቸው ባሕር ላይ ነው። በሚቀጥለው ዓመት ‹‹ራ ሁለት›› በ57 ቀን ባርባዶስ ገባች።

ከዚህ ታሪክ የምንወስደው ‹‹በእጅ የተሠራ ነገር አይታመንም›› የሚለውን አይደለም። በእጅ የተሠራው አትላንቲክን ተሻግሯል! የምንወስደው ሌላ ነው፤ በማንኛውም ዕቃ ውስጥ ተራ የምትመስል፣ ነፍስ ግን የተንጠለጠለባት አንዲት ገመድ አለች። እሷን ለይቶ ማወቅ ነው ቁም ነገሩ።

የእኛዋ ገመድ ላይፍ ጃኬት ናት። እሷን ነው የረሳናት።

ባለፈው ዓመት ከአዲስ አበባ የግማሽ ቀን መንገድ ወደሚርቅ አንድ ሐይቅ ወረድን። ሰባት ነበርን። ከውጭ የመጡት ሀሞኮች፣ የግንባር ባትሪዎች፣ ምኑ ቅጡ … ሁሉም ነበሩን። ጀልባ ተከራየን። ጀልባዋ ላይ ሦስት ላይፍ ጃኬቶች ነበሩ። የአንዱ መቆለፊያ ተሰብሮ በጫማ ማሰሪያ ተተክቷል። የሁለተኛው ውስጡ ሲጨበጥ እንደ ደረቀ ዳቦ ይፈረፈራል። ‹‹ሌላ የለም ወይ ወንድሜ?›› አልነው ባለ ጀልባውን። ‹‹አይዟችሁ የኔ እህት፣ ይሄ ሐይቅ ሰው በልቶ አያውቅም!›› አለን እየሳቀ። እኛም ሳቅን። ሦስቱንም ጃኬት አጥፈን ተቀመጥንባቸው፤ ወንበሩ እርጥብ ስለነበር።

መሀል ስንደርስ ከሰዓት በኋላ የሚነሳው ነፋስ መጣ። ማዕበሉ ያን ያህል አልነበረም፤ ጀልባዋ ግን አንዴ ዘንበል ስትል ሁላችንም ወደ አንድ ወገን ሸሸን። በዚያ ግርግር አንዱ ጃኬት ውሃ ውስጥ ወደቀ። ለማንሳት እጃችንን ዘረጋን፣ አልደረስንበትም። ትንሽ ተንሳፈፈ። ከዚያ ቀስ እያለ፣ እያየነው፣ ሰጠመ።

ላይፍ ጃኬቱ ሰጠመ!

አንዱ ሊስቅ ጀመረና ተወው። ከሰባታችን ዋና የምንችለው ሁለት ነበርን። እስከ ዳርቻው ድረስ ማንም አልተናገረም። እና ምን አደረግን? ማታ ሀሞክ ላይ ተኝተን ፎቶውን ለጠፍን። ከመሀላችን ጋዜጠኝነት ተምረን የተመረቅን አለን፤ ‹‹ለምን?›› ብሎ መጠየቅ ሙያችን ነው ብለን ዲግሪ ይዘንበታል። ለአንድ ዓመት አንድ መስመር አልጻፍንም።

አሁን እንጠይቅ። በሀገራችን ሰው ውሃ ላይ ሲሞት ምን ይባላል? ‹‹ሐይቁ በላው።›› ‹‹ሐይቁ በየዓመቱ ግብር ይፈልጋል።›› ዜናውም ቢሆን ‹‹ለመዝናናት በሄደበት ሕይወቱ አለፈ›› ብሎ ይዘጋል። ዐረፍተ ነገሩ ውስጥ ባለ ጀልባ የለም። ጃኬት የለም። ስንት ሰው ለሚጭን ጀልባ ስንት ሰው ተጫነ የሚል ጥያቄ የለም። ሐይቅ ጥርስ አለው ወይ? የሚበላን ቸልተኝነት ነው፤ ስሙን እንጥራው። ያን ቀን ደግሞ ቸልተኛው ባለ ጀልባው ብቻ አልነበረም፤ ጃኬቱ ላይ የተቀመጥነው እኛ ነን።

‹‹እኛ ዋና እንችላለን›› የሚል አለ። የት ነው የቻልከው? ሆቴል ገንዳ ውስጥ፣ በዋና ልብስ፣ ጠርዙ በአምስት ሜትር ርቀት ላይ እያለ? ጂንስና ጫማ ለብሰህ፣ ነፋስ ፊትህ ላይ ውሃ እየረጨ፣ የማይችል ጓደኛህ አንገትህን አንቆ እንደያዘህ ሞክረኸዋል? የጣና ትልቁ ጥልቀት 14 ሜትር ገደማ ነው፤ የቢሾፍቱ ሐይቅ 87 ሜትር ይደርሳል። ለመስጠም ግን ከአፍንጫ በላይ ያለው ውሃ ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ1968 ዓባይን በጀልባ ለመውረድ የመጣው የእንግሊዞች ጉዞ በሠለጠኑ ወታደሮች የተሞላ ነበር። ከመሀላቸው አንዱ የሞተው ገባር ወንዝ ሲሻገር ነው።

‹‹ታዲያ እሱንም በእጃችን እንሥራው፤ አራት ባለ ሁለት ሊትር የፕላስቲክ ጠርሙስ 8 ኪሎ ያነሳል!›› የሚል ብልህም አይጠፋም። ሒሳቡ ልክ ነው። ሰው ውሃ ውስጥ ቀላል ስለሆነ ከዚያም ያነሰ ይበቃዋል። ጥያቄው ግን ምን ያህል ያነሳሃል ሳይሆን የትኛውን ጎንህን ያነሳዋል ነው። ጠርሙሱ ወደ ጀርባህ ከዞረ በፊትህ ደፍቶ ያንሳፍፍሃል፤ ማለትም ተንሳፍፈህ ትሞታለህ። ክዳኑ ይላላል፣ ፕላስቲኩ ይሰነጠቃል፣ ማሰሪያው ጭንቅላትህን አልፎ ይወጣል። ይህን በሀሞክ መሞከር ይቻላል፤ ተሳስተህ ትወድቃለህ፣ ታስቃለህ፣ ታስተካክላለህ። ውሃ ላይ ሁለተኛ ሙከራ የለም።

ስለዚህ መመሪያችን አጭር ነው። ቢበጠስ የሚያስቀውን እንሥራ፤ ቢበጠስ የሚያስለቅሰውን እንግዛ።

ለውሃም ቢሆን የሚሠራ ሞልቷል። ግማሽ የተቆረጠ ጀሪካን ውሃ መቅጃ ይሆናል፤ ጀልባው ላይ እሰሩት። ልብሳችሁን በወፍራም ላስቲክ ጠቅልላችሁ ማዳበሪያ ውስጥ አስሩ፣ ያ ነው ውሃ የማያስገባ ከረጢታችሁ። መወርወሪያ ገመድ ከ15 እስከ 20 ሜትር ይሁን፤ ሁሉም ገመድ ስለማይንሳፈፍ ከመግዛታችሁ በፊት ቁራጩን ባልዲ ውስጥ ጥላችሁ እዩ።

ጃኬቱን ስትገዙ ግን ቁጥሩን አንብቡ። 50 ኒውተን የሚለው ወደ 5 ኪሎ የሚጠጋ የማንሳት ጉልበት አለው፤ ዋና ለሚችል ብቻ ነው። ለማይችል 100 እና ከዚያ በላይ። ልበሱት፣ ቆልፉት፣ ጓደኛችሁ ትከሻውን ይዞ ወደ ላይ ይሳብ። ጆሯችሁን አልፎ ከወጣ ውሃም ያወጣዋል፤ ጠባብ ምረጡ። ፊሽካ እሰሩበት። ደግሞ አትቀመጡበት! ስፖንጁን የሚገድለው መቀመጥና ሳይደርቅ ማስቀመጥ ነው።

‹‹ውድ ነው›› ትሉናላችሁ። ውድ ነው። አንዱን ከውጭ የመጣ ሀሞክ አስቀርታችሁ ልብስ ሰፊ ዘንድ ሂዱ፤ የተረፈውን ለጃኬት አውሉት። ግሩፑ ስድስት ከሆነ አዋጡ፣ እየተዋዋሳችሁ ተጠቀሙ። ሐይቅ ዳር ያለው ታንኳ ቀዛፊ ያለ ጃኬት መቅዘፉን እንደ ማስረጃ አታቅርቡልን። እሱ ውሃውን ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀዋል፣ ያም ሆኖ ከእነሱም የሚቀር አለ። ጃኬት የሌለው የመግዣ ገንዘብ ስላጣ እንጂ ነፍሱ ርካሽ ስለሆነች አይደለም።

ከሁሉም በላይ ግን አንድ በነፃ የሚገኝ ዕቃ አለ፤ እምቢ ማለት። ሰባት ሆነን ሦስት ጃኬት ካለ ሦስት ሰው ይሳፈር፣ አራቱ ዳር ላይ ቡና ያፍላ። በአንድ ቅዳሜ አምስት ቡድን ‹‹ጃኬት ከሌለ አንሳፈርም›› ብሎ ቢመለስ ባለ ጀልባው በሚቀጥለው ቅዳሜ ጃኬት ይዞ ይጠብቃል። ገበያ የሚገባው ይህ ቋንቋ ነው። ያን ቀን እኛ ‹‹አይዟችሁ›› ሲለን ስቀን ባንሳፈር ኖሮ ምናልባት ዛሬ ያቺ ጀልባ ላይ ሰባት ጃኬት ይኖር ነበር።

ከውጭ የመጡትን ሀሞኮች ሸጠናቸዋል። አሁን የምንተኛባቸው አራት ኪሎ አካባቢ ያለ ልብስ ሰፊ የሰፋቸው ናቸው። ‹‹ለመጋረጃ ነው?›› ብሎ ነበር የጠየቀን። በብሩ ስድስት ጃኬት ገዛን። አንድ ይጎድለናል፤ እስኪሞላ ድረስ ሁሌ አንዳችን ዳር እንቀራለን።

ዳር መቅረት አይገድልም።